«እልካታለሁ» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ልገዛ ዱባይ ተራ ገብቼ፣ ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ ስሱን ወረቀት ገለጥ ሲያደርገው፣ ያ የአዲስ ጫማ ሽታ፣ ሙጫና ላስቲክ የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ ከርከር የሚያደርገው ሽታ፣ ድንገት አፍንጫዬን ሞላውና ከቆምኩበት መነቃነቅ አቃተኝ። ሻጩ «ቁጥር ስንት ላውጣ ጋሼ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ልጄ ሰሚራ እጄን ይዛ ሳብ ሳብ አደረገችኝ፤ ከኋላዬ ጣቃ ጨርቅ የተሸከመ ወዛደር «መንገድ፣ መንገድ» እያለ በትከሻው ገፋ አድርጎኝ አለፈ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ወጥቼ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ እዚያው ተራ ውስጥ፣ እግሬን አዲስ ጥቁር ጫማ ውስጥ ከትቼ፣ እኅቴ ዘሐራ ፊቴ ተንበርክካ ክሩን ስታስርልኝ ነበር የማያት።

ያደግኩት እህል በረንዳ ጀርባ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች፤ ከእህል መጋዘኖቹ ጋር ግድግዳ ስለምትጋራ የጤፍና የባቄላ ብናኝ በየስንጥቁ ይገባና ጠዋት ስንነሣ ሽፋሽፍታችን ነጭ ሆኖ እናገኘዋለን። አባቴ ሰይድ ከወሎ የመጣ ጆንያ ሰፊ ነበር። ሐጂ ከማል የሚባሉ ነጋዴ መጋዘን በር ላይ፣ የተከመረ አሮጌ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ክንድ በሚያህል መርፌ የተቀደደውን ሲጥፍ፣ የተሞላውን አፉን ሲሰፋ ይውላል። ጣቶቹ ሲባጎ ሲቆርጣቸው ከርሞ ከርሞ እንደ ቆዳ ደርቀው ስለነበር ራሴን ሲዳብሰኝ ፀጉሬን ይይዘው ነበር። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ አንድ ስፌት ይጨርሳል፣ እኛም መልሱን ለማግኘት ክሩ እስኪጠብቅ መጠበቅ ለምደን ነበር።

እናቴን አላስታውሳትም። ያሳደገችኝ ዘሐራ ናት፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እኔም እታለም ነበር የምላት። እናታችን ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ ቤቱን ያዘች፣ ትንሽ ከፍ ስል ደግሞ ሐጂ ከማል መጋዘን ውስጥ እህል አበጣሪ ሆና ገባች። አባባ ዝምታ እንደሚወደው ሁሉ እሷ ክርክር ትወድ ነበር። ሬዲዮ ትከራከራለች፤ ዜና አንባቢው አንድ ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ «ቆይ፣ ማን ነገረህ?» ትለዋለች። አንድ ጊዜ አንድ ወዛደር ማበጠር የሴት ሥራ ስለሆነ ቀላል ነው ቢላት፣ ሰፌዱን እጁ ላይ አስቀምጣ እስቲ እስከ ምሳ ሞክረው አለችው፤ ሰውየው ገና ግማሽ ጆንያ ሳያደርስ ዓይኑ እንባ፣ አፍንጫው አቧራ ሞልቶ፣ ወገቡን ይዞ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ከመጥራቱ በፊት ዘሐራን ይጠራ ጀመር።

እኔ በአባቴ ወጥቼ ዝምተኛ ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል ሆኜ የትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ አባል የሆንኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓርብ ዓርብ ሻይና ዳቦ ይሰጣል ሲባል ሰምቼ ነው። የክበቡ ኃላፊ የአማርኛ መምህራችን መምህር ታደሰ ነበሩ። ለመናገር እንደማልደፍር ስላወቁ ደወል ደዋይና ፋይል ያዥ አደረጉኝ፤ ሥራዬ ተናጋሪ ሰዓቱን ሲጨርስ ደወል መምታት፣ ከጋዜጣ የተቆረጡ መረጃዎችን ደግሞ በዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ መለጠፍ ነበር። የፖሊሲ ክርክር የሚሉት ውድድር እንደሌላው ክርክር በአፍ ብልጠት ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ይህን ማድረግ አለበት ወይስ የለበትም የሚል ሐሳብ ይሰጥና ሁለት ሁለት ሰው ያለው ቡድን በመረጃ ይፋለማል፣ በመሃል ተጋጣሚ ተነሥቶ ጥያቄ ይጠይቅሃል፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ዳኞች ይፈርዳሉ። የትኛውን ወገን እንደምትይዝ የሚታወቀው በዕጣ ስለሆነ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ፋይል አስቀድመህ ታዘጋጃለህ። ሁለቱንም ፋይል የለጠፍኩት እኔ ነበርኩ። ይህን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ።

የዚያ ዓመት ሐሳብ፣ መንግሥት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር እንዳይሄዱ መከልከል አለበት የሚል ነበር። ዕጣ ሲወጣ ለእኛ ተቃዋሚው ወገን ደረሰን፤ መከልከል የለበትም ብለን እንድንከራከር። ተከራካሪዎቻችን ምሕረት የምትባል አሥራ አንደኛ ክፍል የሆነች ጎበዝ ልጅና አንድ ጓደኛዋ ነበሩ፤ ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ልጁን የወፍ በሽታ ያዘውና ተኛ። መምህር ታደሰ ዙሪያቸውን አይተው አይተው ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «ኑሩ፣ መረጃውን በቃልህ ታውቀዋለህ አይደል?» አሉኝ። አዎን አልኩ፤ እየለጠፍኩ ያነበብኩትን እንዴት አላውቀውም። «እንግዲያስ ቁም» አሉኝ። ምሕረት ራሷን ያዘች።

ያን ሳምንት ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ እየሄድኩ፣ የጤፍ ክምር ላይ ወጥቼ ለጆንያዎቹ ንግግር ሳደርግ ሰነበትኩ። ሐጂ ከማል ከሒሳብ መዝገባቸው ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ ካዳመጡኝ በኋላ በጣም አዝነው «ልጄ፣ ማን ከሰሰህ?» አሉኝ። አባባ መርፌውን ሳያቆም «ማንም አልከሰሰውም ሐጂ፤ በገዛ ፈቃዱ ነው» አላቸው። ወዛደሮቹ ሳቁ። ዘሐራ ግን አልሳቀችም፤ ሰፌዷን ይዛ ከክምሩ ሥር ተቀመጠችና «በል ጀምር፣ እኔ ከልካዩ ነኝ» አለችኝ። በየቀኑ ታሸንፈኛለች። አንድ ነገር ስናገር እንክርዳድ እንደምትለቅም ሁሉ ስንጥቋን ለቅማ ታወጣና ትጥልልኛለች፤ መልስ ሳጣ ደግሞ ወገን ትለውጥና በእኔ ቦታ ሆና ራሷ ለራሷ ትመልሳለች። «እኔን እኔው ረታሁኝ» ብላ የሳቀችው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ነገር ግን ይህ ሐሳብ ቤታችን ውስጥ የትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የጊቢያችን ልጅ፣ የዘሐራ ባልንጀራ ረሒማ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሄዳለች። ዘሐራም መሄድ ትፈልግ ነበር። ደላላ ቤታችን ድረስ መጥቶ አባባን አናግሮታል፤ አባባ ስፌቱን ጨርሶ «ልጄን የማላውቀው ሰው ቤት አልልክም» ብሎ መልሶታል። ዘሐራ ሬዲዮ የምትከራከረውን ያህል አባባን አትከራከርም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሰፌዷን አስቀምጣ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «አትሂጂ የሚለኝ ሞልቷል አባባ፤ ቅሪና ይህን ሁኚ የሚለኝ ግን አላገኘሁም» አለችው። መልስ አልሰጣትም። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሊሞላ ነው፣ ሁለቱ በደግ ቃል እየተነጋገሩ፣ አንድ ላይ እየበሉ፣ በመካከላቸው ግን ያች ያልተመለሰች ነገር ተቀምጣ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ስንለማመድ ዘሐራ በእኔ ቦታ ሆና የምትናገረው ሁሉ ከየት እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አባባ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ እየሰፋ ይሰማል። እኔ ያማረውን እየመረጥኩ ካርዴ ላይ እጽፋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ዱባይ ተራ ወስዳ ጫማውን ገዛችልኝ። ቁጥሩ ትንሽ ሰፋ ያለ ነበር፤ ታድግበታለህ ብላ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት። አጥር ላይ እንደሚቆም ወፍ ፈርቼ እንደምቆም ስለምታውቅ፣ «ሰው ፊት ስትቆም መጀመሪያ እግርህን ተማመነው፤ አፍህ ይከተላል» አለችኝ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ጫማውን ከካርቶኑ አውጥቼ አሸተትኩት፣ መልሼም አስቀመጥኩት፤ አላደረግኩትም።

ቅዳሜ ከሰዓት የትምህርት ቤታችን አዳራሽ እስከ መስኮቱ ሞልቶ ነበር። ተጋጣሚዎቻችን ከከተማው ማዶ የመጡ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ፋይላቸውን በተቆላፊ ቦርሳ የያዙ ልጆች ናቸው። ከሁለቱ አንዷ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ስትናገር እጇን የማታነሣ፣ ቀጭን ልጅ ነበረች። ስሜ ተጠርቶ ስቆም ከፊት ወንበር የተቀመጡ ልጆች ሲሳሳቁ ይታየኛል። «የተከበራችሁ ዳኞች» አልኩና የቀረው ጠፋብኝ። ምሕረት ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችኝ። ቀና ስል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዘሐራን አየኋት፤ አረንጓዴ ሻሿን አድርጋ፣ ልክ ሰፌድ እንደያዘች ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። የእኔን ንግግር በልቧ እየተናገረችው ነበር። እሷን እያየሁ ጀመርኩ።

ዕቃው ሁሉ ከዓረብ አገር ይመጣል አልኩ፤ የለበስነው፣ የተጫማነው፣ ስልካችን፣ የምንሰግድበት ምንጣፍ፣ ዱባይ ተራ ብትገቡ ከዚያ ያልመጣ የለም። ዕቃ ሲመጣ ማንም አይከለክልም፤ ታዲያ ሰው ሲሄድ ለምን ይከለከላል? አዳራሹ ሳቀ፣ ከዚያ አጨበጨበ። መንገዱ ቢዘጋ መሄዱ አይቀርም፤ በጓሮ ይሆናል፣ በጓሮ የሄደችውን ደግሞ ማን ይከታተላታል አልኩ። ሕግ ይውጣ፣ ውል ይኑር፣ ቆንስላው ይሥራ፤ ግን አትከልክሉ። በመጨረሻም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አትሂጂ የሚላት ሞልቷል፣ ቅሪና ይህን ሁኚ የሚላት ግን የለም አልኩ። ጭብጨባው እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረብኝ። በሕይወቴ ሰው ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ዝናብ ሆኖ ገባ።

ከዚያ ጥያቄ የመጠየቂያው ሰዓት ሆነ። ባለመነጽሯ ልጅ ተነሥታ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ፋብሪካ ቢሆን ተቆጣጣሪ ይገባበታል፣ ሱቅ ቢሆን ሰው ያያታል፤ የሰው ቤት ውስጥ የምትሠራን ልጅ ግን በሩ ሲዘጋ ማን ያንኳኳል ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ውልና ስለ ቆንስላ የለጠፍኩትን ደገምኩላት። «እሱን ሰምቼሃለሁ፤ ማን ያንኳኳል ነው ያልኩህ» አለችኝ። ዳኞቹ ሲጽፉ አየሁ። እየወደቅኩ እንደሆነ ገባኝ፤ ምሕረትም ገብቷት ወረቀቷን ታመሰቃቅላለች። ልጅቷ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እኅት አለህ?»

«አለችኝ።»

«ትልካታለህ?»

መልስ ፍለጋ ዓይኔን ሳነሣ፣ ከኋላ በሩ አጠገብ አባባን አየሁት። እንደሚመጣ አልነገረኝም ነበር፤ በሥራ ሰዓት ከጆንያው ላይ ሲነሣ አይቼው አላውቅም። ብናኝ የለበሰ ኮቱን እንደለበሰ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ የተማሩ ሰዎች ፊት እንደቆመ ሰው አንገቱን ደፋ አድርጎ ቆሟል። ዘሐራም ከንፈሯን አቁማ ታየኛለች። ሁለቱን በአንድ ዓይን እያየሁ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልልካትም ካልኩ እንሸነፋለን። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ልጅ ስለነበርኩ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ግን ያን ያህል አስልቼ መልስ የሰጠሁበት ጊዜ ትልቅ ሰው ከሆንኩም በኋላ የለም።

«እኅቴ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች» አልኩ። «ፊቷን እያየሁ ነው የምናገረው። መሄድ የምትፈልገው እሷ ናት፤ ሕይወቱ የእሷ ነው። እኔ ማን ነኝ የምከለክላት? እልካታለሁ።»

አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሣ። ባለመነጽሯ ልጅ ተቀመጠች፤ ደወሉ ተመታ። ዳኞቹ ሁለት ለአንድ ፈረዱልን፤ ፍርዱን ያነበቡት ሽማግሌ ጀማሪው ተከራካሪ ለመጨረሻው ጥያቄ የሰጠው መልስ ክርክሩን ለየው ብለው በስሜ ጠሩኝ። መምህር ታደሰ አቅፈው ከመሬት አነሡኝ፤ ሰፊው ጫማዬ ከአንድ እግሬ ወልቆ ቀረ። ጫማዬን ስፈልግ ልጅቷ ሰዎቹን አልፋ መጥታ እጄን ጨበጠችኝና «እውነት ትልካታለህ?» አለችኝ። ንዴት አልነበረባትም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ሳቅኩና «ክርክር ነው እኮ» አልኳት።

ለእሷ እንዲህ አልኳት። ለአባቴና ለእኅቴ ግን አላልኳቸውም።

ወደ ቤት የሄድነው ሦስታችን ጎን ለጎን ሆነን ነው። ዘሐራ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ያልኩትን እያንዳንዱን ነገር እየደገመች፣ እዚህ ጋ ትንሽ ብትቆይ፣ እዚያ ጋ ድምፅህን ብታነሣ እያለች ሌላ ክርክር ታደርጋለች። አባባ ሶማሌ ተራ ስንደርስ ቆመና ትኩስ ሳምቡሳ ገዝቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ አደለን፤ መንገድ ላይ መብላት የማይወድ ሰው፣ ከእኛ ጋር እየተራመደ በላ። አፌን እያቃጠለኝ፣ ዘይቱ በእጄ ላይ እየፈሰሰ፣ በወዛደሩና በጋሪው መሃል ስንተላለፍ፣ በዓለም ላይ እንደኛ ያለ ቤተሰብ ያለ አልመሰለኝም። ከዚያ ሰዓት የሚበልጥ ደስታ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላገኘሁም። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

በማግስቱ ዘሐራ አባባን «ኑሩ ሰው ፊት ያለውን ሰማህ አይደል?» አለችው። አንድ ሳምንት ሙሉ አልመለሰላትም፤ ሲሰፋ አየዋለሁ፣ ክሩን ያጠብቃል፣ ሌላ ስፌት ይጀምራል። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ ሁለታችንንም አስቀመጠን። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለ። «ሦስት የተማሩ ሰዎች ቁጭ ብለው ግራ ቀኙን ሰሙና ልክ ነህ አሉት። እኔ ማን ነኝ ከነሱ የማውቅ? ሂጂ ልጄ፤ አላህ ይጠብቅሽ።» ዘሐራ እግሩ ላይ ተደፋች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ያ ሳምንት የእኔ ነበር። ከአልጋችን ሥር የከልካዮቹ ፋይል ነበረ፤ ዕጣ ስላልወጣለት ሳንጠቀምበት የቀረው፣ በዱቄት ሙጫ በገዛ እጄ የለጠፍኩት። በሩ ስለተቆለፈባቸው፣ ፓስፖርታቸው ስለተወሰደባቸው፣ ከፎቅ ስለወደቁ ልጆች የሚያወራውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። አውጥቼ ለአባባ ላነብለት እችል ነበር። «አባባ፣ ያ ክርክር ነው፤ ዕጣው በሌላ በኩል ቢወጣ ኖሮ አልልካትም ብዬ እዚያው አሸንፍ ነበር» ልለው እችል ነበር። አላልኩም። እንዲህ ብል ድሌ ይረክስብኛል፤ ሰፈሩ ሁሉ ጠበቃው እያለ ይጠራኝ ጀምሮ ነበር። ደግሞም ለሁለተኛው ዙር እየተዘጋጀሁ ነበር። በሁለተኛው ዙር ተሸነፍን።

ዘሐራ በሦስተኛው ወር ሄደች። አየር ማረፊያው በር ላይ፣ አንድ ዓይነት ሻሽ ያሰሩ ልጆች ከቆሙበት ሰልፍ ውስጥ ሆና፣ ዐረብኛውን በስድስት ወር ለምጄ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ ብላ አሳቀችን። በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ ትደውል ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ብዙ ታወራለች፣ ስለ ቤቱ ስፋት፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቻቸው። እየቆየ ወሬዋ አጠረ። «ደኅና ነኝ፤ አባባን ሳሙልኝ» ብቻ ሆነ፤ ከኋላዋ ሰው ሲጣራ ይሰማና ይቋረጣል። በሁለተኛው ዓመት አራት ጊዜ ደወለች። ከዚያ ስልኩ አይሠራም አለ። ደላላው ሰፈር ቀይሯል። አባባ ፎቶግራፏን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞ በየቢሮው ዞረ፤ ቃል የሚቆጥበው ሰው በየመስኮቱ ልመና ተማረ። ጆንያ ለመስፋት ሲቀመጥ መርፌውን ክር ሳይከትበት ይዞት ሲውል፣ ሐጂ ከማል አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ሞተ። ሳንባው እህል ብናኝ ጠግቦ ነበር አሉን። ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን፣ ውኃ ሳጠጣው፣ የማስበውን ያወቀ መሰለኝ፤ ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ «አንተ ልጅ ነበርክ፤ እኔ ግን አባት ነበርኩ» አለኝ። ይቅር ብሎኝ ነው። ግን ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጥፋቴንም ይዞት ሄደ፣ ማን ፊት እንደማወርደው ሳላውቅ ቀረሁ።

ዘሐራ በስድስተኛው ዓመት ተመለሰች። ስልክ ተደውሎልኝ አየር ማረፊያ ስደርስ፣ በብዙ ሴቶች መሃል አንድ ፌስታል ይዛ ቆማለች፤ አልፌአት ሄጄ ነበር፣ የመለሰኝ ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ነው። የግራ እጇ ጣቶች አይዘረጉም። ምን እንደደረሰባት ተናግራ አታውቅም፤ ጠይቀናታል፣ ሐኪምም ጠይቋታል። የአባባን ሞት ስነግራት አላለቀሰችም፤ የምትቀመጥበትን እንዳሳያት ብቻ በዓይኗ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ ስሟን ስትጠራ ከተኛችበት ዘላ ተነሥታ ቆማ «ሓድር» ትል ነበር፤ እዚያ እመቤት ስትጠራ የሚባለው ነው። እሱ በጊዜ ተዋት። በቦታው እሺ መጣ። ሻይ ይሻልሻል ወይስ ወተት ስትባል እሺ ትላለች። እንውጣ ስትባል እሺ፣ እንቅር ስትባልም እሺ። ልጄ ሰሚራ ትንሽ ሆና ይህን አውቃ ትጫወትባት ነበር፤ «አክስቴ፣ ዝሆን ነሽ አይደል?» ትላታለች፣ እሷም እሺ ትላታለች፣ ልጅቷ ትስቃለች። አንድ ቀን ከክፍሌ ሰምቼ ልጄን ተቆጣኋትና ራሴ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

አሁን ሐጂ ከማል የሉም፤ መጋዘኑ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ እኛም ሰፈር ከለቀቅን ቆይተናል። ሰው መርካቶ ተለወጠች ብሎ ሲያዝን እሰማለሁ፤ እኔ ለግንብና ለቆርቆሮ የምታዝን ልብ አልተረፈችኝም። የእኔ መርካቶ አንዲት ሴት ሰፌድ ይዛ ሬዲዮ የምትሟገትበት ቦታ ነበር። ያን ድምፅ ከሰፈሩ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁትም ከራሷ በተማርኩት ቃል ነው። የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ሆኛለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ወረቀት እሞላለሁ። ሰው ሲከራከር ስሰማ ተነሥቼ እወጣለሁ።

በዚህ ክረምት መግቢያ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ባለቤቴና ልጄ ለቅሶ ሄደው፣ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ልናገረው የፈለግኩትን ያን ቀን ተናገርኩት። «እታለም» አልኳት፣ «ያኔ አዳራሹ ውስጥ እልካታለሁ ያልኩት ለማሸነፍ ብዬ ነው። አላመንኩበትም ነበር። ፋይሉ ቤታችን ነበር፣ አንብቤዋለሁ፣ ደብቄሻለሁ። የላክኩሽ እኔ ነኝ።»

ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። እንዲህ ቀጥ ብላ ካየችኝ ዓመታት አልፈዋል። አንተ ማን ነህና ትልከኛለህ፣ በገዛ እግሬ ነው የሄድኩት እንድትለኝ ጠበቅኩ። ወይም አዎን፣ አንተ ነህ ብላ እንድትረግመኝ። የትኛውም ይበቃኝ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን ብትል ወድቄ እግሯን እስም ነበር።

«እሺ» አለችኝ።

ከዚያ ተነሥታ ፊቴ የነበረውን ባዶ ብርጭቆ በሚዘረጋው እጇ አነሣችና፣ ልታጥበው ወደ ጓዳ ገባች።